የነጭ ቅጠል መድኃኒት

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዛል። «ዓይኔም እንደ ድሮው ነው» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የዓይኔን ጉዳይ ግን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ፣ አትቸኩዪ።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። አሥራ አራት ወር ዝም ብለሽ አራት መስመር! የውሃ መሥሪያ ቤቱ እንኳ ቧንቧዬን ሊዘጋ ሲያስጠነቅቀኝ ከዚህ የረዘመ ይጽፍልኛል። «ወደ አዲሱ ሥራችን ስንሄድ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ በዚያ እናልፋለን። የቀሩትን መጻሕፍቴን እወስዳለሁ። ብቻዬን ነው የምወጣው፣ እሱ ታች ይጠብቀኛል። ሻይ እንዳታፈዪ።» በቃ። ሰላምታ የለ፣ ናፍቆት የለ፣ «እናቴ» የምትል ቃል እንኳ የለችበትም።

ሻይ እንዳታፈዪ! ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው ሻይ ሳይጠጣ አይወጣም ብላ በር ዘግታ የምታስቸግርን ሴት እንዲህ ይሏታል? እሺ፣ አላፈላም። መልስ ሳልሰጥሽ የምቀር ከመሰለሽ ግን የወለደችሽን አታውቂያትም።

የምጽፍልሽ ስለ ተክሉ ነው። ባልሽ መጀመሪያ ቤቴ በመጣ ቀን እንደ ሕፃን ታቅፎት ሦስት ፎቅ የወጣው፣ አረንጓዴ ቅጠሉ በነጭ የተዥጎረጎረው ተክል ትዝ ይልሻል? ገና በሩ ላይ ሳየው ነው ሆዴ የሻከረው። እኔ፣ ታውቂያለሽ ግን ልድገመው፣ መድገም የእናት መብት ነው፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጨርቅ መርማሪ ነበርኩ። አረንጓዴው የደንብ ልብስ ጨርቅ በመብራቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ ዓይኔን ሳልነቅል እቆማለሁ። አንዲት ነጭ ነጥብ ካየሁ ማሽኑን አስቆምና በጨርቁ ዳር ቀይ ክር አስራለሁ። ቀይ ክር ያለበት ጣቃ አንደኛ ደረጃ አይባልም። እኔ ያሰርኩትን ክር የሚፈታ ሰው በዚያ ፋብሪካ አልተወለደም ነበር።

እና እንዲህ ያለችው ሴት በር ላይ ነጭ በነጭ የሆነ ተክል ይዞ መቆም! አትክልተኛ ነኝ የሚል ሰው የታመመ ተክል ስጦታ ያመጣል? ሐኪም ጉንፋን ይዞ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመሄድ ነው። ቀና ስል ደግሞ ነጩ ተክሉ ላይ ብቻ አይደለም። በባልሽ አንገት ላይ፣ በከንፈሩ ዳር፣ በሁለቱም እጆቹ ላይ። አንቺ አስቀድመሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽልኝም።

«ሐኪም አይቶታል?» አልኩት፣ ከምሳ በኋላ ሻዩን እየቀዳሁ።

«አይቶታል እማ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አያምም፣ ወደ ሰውም አይሄድም» አለኝ፣ ስኳሩን እያማሰለ፣ ሰዓት እንደጠየቁት ሰው ረጋ ብሎ።

በመጀመሪያ ቀን «እማ»! ማን ፈቀደለት? ደግሞም ስንቱ ሻጭ ነው የሚለቀውን ቀለም «አይለቅም» ብሎ የማለልኝ! አንገቴን ነቀነቅኩ፣ ሁለተኛም ቀዳሁለት፣ ሲጨርስ ኩባያውን ወደ ወጥ ቤት ወሰድኩት።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ግን በኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ስድስቱ ነጭ ኩባያዎች አንድ ዓይነት ናቸው። እንዳይቀላቀልብኝ ብዬ ከመሳቢያው ቀይ ክር አወጣሁና የእሱን ኩባያ ጆሮ አሰርኩ። «ጣቴ ለምዶበት ነው እንጂ እኔ አላሰብኩበትም» ልልሽ ስንት ጊዜ ፈለግኩ። ውሸት ነው። አስቤበት ነው ያሰርኩት።

ልታጥቢ ስትገቢ አየሽው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለይቼ ላውቀው ነው» አልኩሽ።

ክሩን ፈታሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ፣ እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግሽና ወጥተሽ «ተነሥ፣ እንሂድ» አልሽው። እሱ ምንም ሳያውቅ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «እማ፣ ሻዩ በጣም ጥሩ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነገርሽው፣ አልነገርሽውም፣ እኔ አላውቅም። በዚያን ቀን ግን የተናደድኩት ባንቺ ነው። የኔን ክር ፈታሽ!

እናንተ እንደወጣችሁ ያንኑ ክር አንሥቼ የተክሉን አንገት አሰርኩበት። ሌሎቹን እንዳያስይዝብኝ ከመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ብቻውን አስቀመጥኩት። መጣል እችል ነበር። ግን እንከን አይቶ መጣል የሰነፍ መርማሪ ሥራ ነው፤ አጽድቼ፣ አድኜ፣ «ይኸው፣ አትክልተኛው ያቃተውን እኔ አዳንኩት» ልልሽ ነበር ሐሳቤ።

እዚህ ላይ ነው የታችኛዋ ጎረቤታችን የገባችው፣ «ጋዜጣ» የምንላት። ከየመጽሔቱ መድኃኒት እየቆረጠች ደብተር ላይ የምትለጥፍ ሴት ናት። የራሷ ወገብ ሃያ ዓመት አልዳነም፣ ደብተሩ ግን አራተኛ ቅጹ ላይ ደርሷል።

«ፈንገስ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው! ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፈሽ እርጪበት። ፈንገስ ነጭ ሽንኩርት አይወድም» አለችኝ።

«አንቺ በምን አወቅሽ? ጠይቀሽው ነው?»

«ደብተሬ ላይ አለ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንድ ሙሉ ጭንቅላት ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ፣ አሳድሬ፣ አጥልዬ ረጨሁ። ነጩ ንቅንቅ አላለም። ቤቱ ግን ለአንድ ሳምንት ከመሽተቱ የተነሣ ፖስታ አምጪው ደብዳቤ በበሩ ሥር ወርውሮ ይሮጥ ጀመር። ቀጥሎ ወተት ታዘዘ፤ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ። አንቺን ያሳደግኩበትን ወተት ለቅጠል! በሦስተኛው ቀን ኮመጠጠና የሕንጻው ድመት ሁሉ በሬ ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በዘይትና በሳሙና፤ ትንሽ ዱቄት ቢጨመርበት ኬክ ይወጣው ነበር። ከዚያ ቀረፋ አፈሩ ላይ። ከዚያ አቼቶ፤ እሱስ የሁለት ቅጠል ጫፍ አቃጥሎ ቡናማ አደረገው። ጋዜጣ መጥታ አየችና «ይኸውልሽ፣ መሥራት ጀመረ!» አለች። እንዲህ ያለች ሴት አስተማሪ ሆና ጡረታ መውጣቷን ሳስብ ለአገሩ አዝናለሁ።

በመጨረሻ ሁሉንም ትቼ በራሴ መንገድ ሄድኩ። አንድ እሁድ ጥጥ በአልኮል ነክሬ አንዱን ቅጠል ፈተግኩት። ፈተግኩ፣ ፈተግኩ፣ መሐሉ ላይ ተቀደደ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? የተቀደደው ቦታ ዳርና ዳሩ አሁንም ነጭ ነበር።

በዚህ መሐል የኔው ተክል ቅጠል ማርገፍ ጀመረ። ያ መስኮቱ ሥር አሥራ አንድ ዓመት የኖረው፣ ባለ ሰፊ ቅጠሉ፣ «አንደኛ ደረጃ» የምለው። አንዲት ነጥብ የሌለበት፣ ልሙጥ አረንጓዴ። በየቀኑ አንድ ቅጠል፣ አንዳንዴም ሁለት። የማን ጥፋት ነው ያልኩት? የመታጠቢያ ቤቱ ተክል። በተዘጋ በር አልፎ አስያዘብኝ አልኩ! ንዴቴ ራሴ ላይ ወጣና ዥጉርጉሩን ተክል በጋዜጣ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ይህን ጉልበት እየጎተትኩ፣ ባልሽ ድሮ ይሠራበት ወደነበረው ችግኝ መሸጫ ሄድኩ። በሰው ፊት ላዋርዳቸው።

አንዲት ጥፍሯ ሥር አፈር የሞላባት ወጣት ሴት ተቀበለችኝ።

«ይህን በሽተኛ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ?» አልኳት፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ።

የጠቀለልኩበትን ወረቀት ፈታችው። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቅጠሉን መገልበጥ ነው። ፊቱን አላየችም፣ ጀርባውን። አንድ በአንድ ገልብጣ አየችና ቀና አለች።

«እማማ፣ ይሄ ተክል ምንም አልታመመም። ነጩ አብሮት የተፈጠረ ነው። ወደ ሌላ አይሄድም፣ ቢያጥቡትም አይለቅም። ግን ማን ነው እንዲህ የፈተገው?»

«አንዲት ጎረቤት አለችኝ» አልኩ። ጋዜጣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ጠቀመችኝ።

«ወረቀቱን አላነበቡትም እንዴ? ከዚህ የሚወጣ ተክል ሁሉ ያሳደገው ሰው የጻፈው ወረቀት አንገቱ ላይ ይታሰርለታል።» ከዚያ ቀዩን ክር አየች፣ ማሰሮውን አዙራ አየች፣ ፊቷ በራ። «ይሄ እኮ የዚያ ልጅ ነው! ከአንዲት ቅርንጫፍ ጀምሮ አራት ዓመት ነው ያሳደገው። ስንት ሰው ሊገዛው ጠይቆ 'ዘመዴ ነው፣ አይሸጥም' እያለ እጁን ከቅጠሉ ጎን አድርጎ ያሳየን ነበር። አሥቆ ሊገድለን! ለማን እንደሰጠው አናውቅም ነበር። እርስዎ ምኑ ነዎት?»

ልጄ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራ አስኪያጅ ጠይቆኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። ለዚያች አፈራም ልጅ ግን «ጎረቤት ነኝ» ብዬ ወጣሁ። በአንድ ቀን ሁለት ጎረቤት ፈጠርኩ።

ወረቀቱን አስታወስኩት። በዚያን ቀን ከተክሉ አንገት በጥሼ፣ ሳላነብ አጥፌ፣ ለሚንቀጠቀጠው ለዚህ ጠረጴዛ እግር ማስደገፊያ አድርጌዋለሁ። ከዓመት በላይ በላዩ በልቻለሁ። ተንበርክኬ አወጣሁት። የእጅ ጽሕፈቱ ደግሞ፣ ይቅርታሽን፣ የዶሮ ጭረት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለእማ። በሳምንት አንድ ቀን ውሃ ይበቃዋል። ነጩ አብሮት የተፈጠረ እንጂ በሽታ አይደለም፣ ወደ ሌሎቹም አይሄድም፤ እንዳይሰጉ። ቅጠል ሁሉ ከሥሩ እየተገለበጠ ይታይ፤ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ይጥረጉት፣ በሳምንቱም ይድገሙት። ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ቢሞት ደግሞ አይዘኑ፣ ሌላ አመጣለሁ።»

«እንዳይሰጉ» ይላል። ይህን የጻፈው ገና ደረጃዬን ሳይወጣ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ሻይ ሳልቀዳ። እንዴት ያለ ዓይን እንደሚቀበለው ቀድሞ ያውቅ ነበር፣ ግን መጣ። ስንት ቤት እንዲህ ገብቶ ቢያውቅ ነው? እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ፣ በተለይ ለጋዜጣ።

ከዚያ ተነሣሁና «አንደኛ ደረጃ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለበጥኩት። ጀርባው ሙሉ ጥጥ! ነጭ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ከየቅጠሉ ሥር ተሸጉጦ የሚመጥ ተባይ። ፊቱ ግን እንደ መስተዋት የጠራ። ፋብሪካ ውስጥ እኔ የማየው የጨርቁን ፊት ነበር፤ ጀርባውን ሌላ ሰው ያየዋል። ቤቴ ውስጥ ያ ሌላ ሰው አልነበረም። የማያመውን ተክል ከዓመት በላይ ሳክም፣ የሚሞተውን ቁጭ ብዬ አደነቅኩት። ይህቺን ነው ሥራ አስኪያጁ «የማይሳሳት ዓይን» ብሎ ሰርተፊኬት የሰጣት! ሰርተፊኬቱን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ፤ የሚንቀጠቀጠው የጠረጴዛ እግር ማስደገፊያ ያስፈልገው ነበር።

የአትክልተኛውን ሳሙና በጠበጥኩ። አራት ሳምንት፣ በየሳምንቱ፣ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ጠረግኩ። ግማሹ ተርፏል። ዥጉርጉሩን ከመታጠቢያ ቤት አውጥቼ ክሩን ፈታሁለትና ከጎኑ አስቀመጥኩት። መድኃኒት ሳቆምለት ጊዜ ሁለት አዲስ ቅጠል አወጣ፤ አንዱ ግማሹ ድረስ ነጭ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላውን ትቼ እሱን ነው የማየው። በፋብሪካችን ባለ አበባ ጨርቅ የሚመረመርበት ክፍል ላይኛው ፎቅ ነበር፣ እኔ አንድ ቀንም ወጥቼበት አላውቅም። ያኔ እዚያ ያሉትን ሴቶች «ዓይናቸው የደከመ» እያልኩ ነበር የማማቸው።

አሁን ስለ ቅዳሜ። መጻሕፍትሽን አሰናድቻለሁ። በሁለት ትልልቅ ካርቶን ነው ያደረግኳቸው፣ መዝገበ ቃላቶቹን ሁሉ ከታች፣ እያንዳንዱ የአንድ ሰው ክብደት አለው። በስድስት ትንንሽ አድርጌ ማሰር እችል ነበር፣ አላደረግኩትም። ብቻሽን ሦስት ፎቅ ልታወርጃቸው አትችዪም፤ የኔን ጉልበት ከላይ ነግሬሻለሁ፤ የጋዜጣንም ወገብ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ታች የሚጠብቀው ሰው መውጣት ግድ ሊሆንበት ነው። ተንኮል ነው ብትዪኝ አዎ፣ ተንኮል ነው።

ሲወጣ የምለውን ደግሞ አሁን ልጻፈው፣ ፊት ለፊት ሲሆን ምላሴ ወደ ነገር ይሄድብኛልና። ጥፋት የሚለውን ቃል በፋብሪካው መዝገብ ላይ በቀን መቶ ጊዜ እጽፍ ነበር፤ በራሴ ስም ግን ጽፌው አላውቅም። አጥፍቻለሁ። የክሩን ነገር ካልነገርሽው እኔው እነግረዋለሁ፣ ከነገርሽውም ከኔ አፍ ደግሞ ይስማው። ይቅር ባይለኝ አልፈርድበትም። ጽሕፈቱን እንዲያሻሽል ግን ንገሪው፤ አማቼ እንዲህ ይጽፋል ተብሎ እንዲወራብኝ አልፈልግም።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። የምትገቡበት ቤት ግድግዳው ደረቅ፣ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ይሁን። ጎረቤታችሁም ደብተር የሌላት ትሁን።

ያው ነገረኛዋ እናትሽ

ልረሳው ነበር፦ ያን ኩባያ ለይቼ፣ በደንብ አጥቤ ፊቱ ላቀርብለት ፈልጌ ትናንት ስድስቱንም መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። በብርሃን አየሁ። ገለበጥኩ፣ ከሥራቸውም አየሁ። የእሱ የትኛው እንደነበር ልለየው አልቻልኩም። አሥራ አራት ወር ጠዋትና ማታ ስጠጣ የኖርኩት በእሱ ይሁን በሌላው አላውቅም። ስለዚህ ስድስቱንም አጥቤ አስቀምጫለሁ። ሻይ እንዳታፈዪ ብለሻል፣ አላፈላም፤ ቅዳሜ ውሃውን ብቻ እጥዳለሁ። ሻይ ቅጠሉ የት እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ።